ደጋን የያዘው ብቸኛ በሜዳ ላይ፦ ቫዮላ፣ ማሲንቆና የጎጃም በጋ

በአውሮፓና በአሜሪካ በጋ ሲገባ ኦርኬስትራዎች ከአዳራሽ ይወጣሉ። መናፈሻ ውስጥ መድረክ ይተከላል፤ ሕዝቡ ምንጣፉንና ስንቁን ይዞ ሣር ላይ ይቀመጣል። የእነሱ በጋ፣ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ግን የዝናብ፣ የጭቃና የአረም ወቅት ነው። በጎጃም ገጠር ሜዳው ለሙዚቃ የሚሆነው እህሉ ጎተራ ገብቶ፣ ጥምቀት ደርሶ፣ የሰርግ ዳስ ሲጣል ነው። ወቅቱ ይለያይ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፦ ጣሪያና ግድግዳ በሌለበት ቦታ፣ በደጋን የሚጫወት አንድ ሰው እንዴት ይሰማል?

ጥያቄው ከሁሉም በላይ የሚከብደው ለቫዮላ ነው። ቫዮላ የቫዮሊን ታላቅ እህት ናት፤ አራት ክር አላት፣ ድምፅዋም ከቫዮሊን ዝቅ ይላል። ከሰው ድምፅ ጋር ብትነጻጸር ወፍራምና ቀጭን ድምፆች መሐል ትውላለች። ችግሩ ድምፅዋ የሚፈልገውን ያህል አካልዋ ትልቅ አለመሆኑ ነው። እንደዚያ ትልቅ ብትሠራ ትከሻ ላይ ልትያዝ አትችልም። ስለዚህ ድምፅዋ ለስለስና ሸፈን ያለ ነው። አዳራሽ ውስጥ ግድግዳው ያግዛታል፤ ሜዳ ላይ ግን ነፋስ ይወስዳታል።

አውሮፓውያን ይህን ቀድመው ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1749 ለንደን ውስጥ በግሪን ፓርክ ለሰላም ስምምነት በዓል ርችት ሲተኮስ፣ ሙዚቃውን የደረሰው ሃንደል ነበር። ንጉሥ ጆርጅ 2ኛ ግን የጦር ሜዳ መሣሪያ፣ ማለትም መለከትና ከበሮ፣ እንጂ የክር መሣሪያ እንዳይኖር ፈለጉ። ሃንደል የክር መሣሪያዎቹን መልሶ ያስገባው በኋላ ነው። ሜዳ የመንግሥት ነው፣ የመንግሥት ድምፅ ደግሞ ነሐስ ነው የሚል አስተሳሰብ ነበር።

ዘመናዊው ኦርኬስትራ ወደ ኢትዮጵያ የገባውም በዚሁ በር ነው። ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሥ ነገሥት የመጡት ስጦታዎች የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎች ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ አልጋ ወራሽ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችም፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት፣ የነሐስ ባንድ ሆኑ። ናልባንዲያን ለደረሰው የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙን የሰጠው ጎጃሜው ዮፍታሔ ንጉሤ ነው፤ ከምዕራብ ጎጃም ጋር በሚዋሰነው ደብረ ኤልያስ የተወለደ የቅኔ ሰው። መዝሙሩም በ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ተሰማ። ቃሉ ከጎጃም የቅኔ ቤት በቀለ ሰው፣ ዜማው ከአርመን ስደተኛ፣ ድምፁ ከነሐስ። በዚህ የአደባባይ ሙዚቃ ውስጥ ደጋን የያዘ ሰው ቦታ አልነበረውም።

ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን በጎጃም ሜዳ ደጋን የያዘ ሰው ሞልቶ ነበር። አዝማሪ ይባላል። ማሲንቆው ከቫዮላ ጋር ሲተያይ ድሃ ይመስላል፤ አንድ ክር ብቻ፣ እሱም ከፈረስ ጭራ፣ በቆዳ ከተለበደ ሳጥን ላይ የተወጠረ። ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው፤ በዚህስ ከቫዮላ ደጋን አይለይም። ድምፁም ከሰው ድምፅ ጎን የሚሄድ እንጂ ከሩቅ የሚጣራ አይደለም። ታዲያ ያለ ግድግዳና ያለ ማይክሮፎን ለዘመናት እንዴት ሜዳ ላይ ኖረ?

መልሱ መሣሪያው ላይ ሳይሆን አደማመጡ ላይ ነው። ነሐስ ድምፁን ወደ ሰው ይልካል፤ ማሲንቆ ሰውን ወደ ድምፁ ይጠራል። አዝማሪው ሲጀምር ሰው ይከበዋል፤ ክቡም ግድግዳ ይሆነዋል። ከተሰብሳቢው አንዱ ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱ ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ሌላው ይመልሳል። የሚጫወተው ብቻውን ነው፤ የሚደርሰው ግን ከሕዝቡ ጋር ነው። ሰምና ወርቅ በለመደ አገር፣ ሰርገኛው የሚስቅበት ስንኝ ለምስለኔው ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል።

ይህ ጉልበት ለሥልጣን አስፈሪ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ ፋሺስቱ አገረ ገዥ በቀጣዩ ወር ጠንቋዮች፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና በየአገሩ እየዞሩ ታሪክ የሚያዜሙ ሰዎች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። ታንክና አውሮፕላን የያዘ ጦር ዘዋሪ ዘፋኝን የፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጋዜጣ በማይደርስበት ገጠር ወሬውንም ፍርዱንም ከሜዳ ወደ ሜዳ የሚያደርሰው እሱ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ የተጓዙት በዚሁ በጎጃም በኩል ነው። በቡሬና በደምበጫ ውጊያ ተደረገ፤ ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማም ፍኖተ ሰላም፣ የሰላም መንገድ፣ የሚል ስም አገኘች።

ነፃነት ሲመለስ አዝማሪው ግን ብዙ አልተካሰም። ሰርግ ያለ እሱ አይደምቅም፤ ልጁን ለእሱ የሚድር ባለ ርስት ግን በቀላሉ አይገኝም። ሙያው ይወደዳል፣ ባለሙያው ይናቃል። የከተማው ሙዚቃም በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ባንዶች ማለትም በነሐስ እጅ ቀጠለ። ሀገር ፍቅር የባህል መሣሪያዎችን በመድረክ ማቆየቱ ትልቅ ውለታ ነው፤ ሆኖም «ኦርኬስትራ» የሚለው ስም የውጭው መሣሪያ ማዕረግ ሆኖ ቆየ።

ይህን ማዕረግ ለማሲንቆ የሰጠው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል-ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ በገናን፣ ዋሽንትን፣ እምቢልታንና ከበሮን በአንድ መድረክ ሰበሰበ። በኋላ ተስፋዬ ለማ መራው። በ1961 ዓ.ም. «ብሉ ናይል» በሚል ስም አሜሪካን ዞረ፤ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅትም ታየ። ግሽ ዓባይ የሚፈልቀው ከምዕራብ ጎጃም ነውና፣ ስሙ ለዚህ አገር ሰው ባዕድ አይደለም።

ትርፉ ግልጽ ነው፤ የሰርግ ቤት መሣሪያ በዓለም ፊት ተከብሮ ተቀመጠ። ኪሳራውም ሊነገር ይገባል። በክብ መሐል የነበረው አዝማሪ በረድፍ ተቀመጠ። ቃናውን ከጎረቤቱ ጋር ማስተካከል፣ መግቢያውን መጠበቅ ነበረበት። ግጥም የሚሰጠው ሰው ደግሞ ትኬት ቆርጦ ዝም ብሎ የሚሰማ ታዳሚ ሆነ። ከአብዮቱ በኋላ የመጡት የኪነት ቡድኖች፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ጭምር፣ ሙዚቃውን ወደ ሕዝቡ መለሱት፤ ግጥሙ ግን ከመንግሥት መፈክር መራቅ አልቻለም። ዛሬ ደግሞ በየሰርጉ ሞንታርቦ ተተክሎ ድምፁ መንደር ያናውጣል፤ ሰውም መቅረብ ስለማያስፈልገው አይቀርብም።

ሌላ መንገድ እንዳለ የቫዮላ ታሪክ ራሱ ያሳያል። ፓጋኒኒ ለቫዮላው የሚሆን ሥራ እንዲጽፍለት ቤርሊዮዝን ጠይቆ ነበር። ረቂቁን ሲያየው ብቸኛው ተጫዋች ብዙ ዝም የሚልበት ሆኖ ስላገኘው ተወው። እ.ኤ.አ. በ1838 ግን «ሃሮልድ በኢጣሊያ»ን ራሱ ተቀምጦ ሲሰማ በደራሲው ፊት ተንበረከከ፤ 20,000 ፍራንክም ላከለት። ቤርሊዮዝ የተረዳው ነገር ቀላል ነው፦ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው እንዲሰማ እሱ መጮህ የለበትም፤ ሌሎቹ ቦታ መልቀቅ አለባቸው።

ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆንም የአውሮፓን የክር መሣሪያም በአንድ ግቢ ያስተምራል። ስለዚህ አንድ ቀን ኦርኬስትራ በጥር ወር ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ ቢመጣ፣ ማሲንቆ ለመክፈቻ ጌጥ ብቻ ባይቀርብ ይበጃል። እንደ ቤርሊዮዝ ቫዮላ ብቸኛው ተጫዋች ይሁን፤ ቫዮላ ያለው ተማሪም ከጎኑ ይቀመጥ፤ ነሐሱ ይታገሥ፤ ሕዝቡም ክብ ሠርቶ ግጥሙን ይስጥ።

ለዚያ ግን መጀመሪያ ሰው ያለ ፍርሃት ሜዳ ላይ መሰብሰብ አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ምዕራብ ጎጃም የጦርነት ቀጠና ሆኖ፣ ሰርግም ለቅሶም በስጋት የሚደረግ ሆኗል። የማሲንቆ ግድግዳ ሰው ነው። ሰው ከተበተነ ክቡም አይኖርም፤ ጥሩ ተጫዋችና ጥሩ መሣሪያ ቢገኝም ሜዳው ላይ የሚሰማ ነገር አይኖርም።