ሙጫና ትንፋሽ፦ የአፍንጫ ጭንብል ታሪክ

ከጅሬን ኮረብታ፣ ከዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጃፍ ተነሥቶ ወደ ጅማ ከተማ የሚወርድ መንገደኛ፣ በከፍታ ልክ መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል በሄደ ጊዜ በአካሉ ላይ የሚያርፈው የአየር ግፊት 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ በሚያሳድረው ግፊት መጠን ይጨምራል። መንገደኛው ጭማሪውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቋረጥበትን ሰው ከመታፈን የሚያድነው ግፊትም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ እምብዛም የሚርቅ አይደለም። ይሁን እንጂ መንገደኛውን ግፊቱ ከውስጥም ከውጭም እኩል ሲያገኘው፣ ለበሽተኛው ግን በአየር መተላለፊያው ውስጥ ብቻ ከውጭው በልጦ መገኘት አለበት። ይህን ብልጫ ሌሊቱን ሙሉ ለመጠበቅ በአፍንጫውና በማሽኑ መካከል አየር የማያባክን መጋጠሚያ ያስፈልጋል። የሕክምናው ታሪክ ሲመረመር አብዛኛው ክፍል የዚህ መጋጠሚያ ታሪክ ሆኖ ይገኛል።

በሽታው በጥንቱም ዘመን የነበረ ነው። ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻዎች ይላላሉ፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ መተላለፊያው ከመጥበብ አልፎ ጨርሶ ይደፈናል። ማንኮራፋቱ በድንገት ጸጥ ይላል፤ ዐሥር ሴኮንድና ከዚያም በላይ አየር አይገባም፤ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ከዚያም አንጎሉ ባንኖ ትንፋሹን ይመልሰዋል። ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ሲችል፣ በሽተኛው ግን በነጋታው አንዱንም አያስታውስም። የሚያውቀው ሌሊቱን ተኝቶ ቀኑን እንደሚያንቀላፋ ብቻ ነው። ቡና በሚበቅልበት አገር ደግሞ ለማንቀላፋት መድኃኒቱ ቅርብ ስለሆነ፣ ሦስተኛውን ስኒ ደግሞ ሥራውን ይቀጥላል። ጉዳቱ ከጤና አልፎ የመንገድ ጉዳይ የሚሆነው ከዚህ ላይ ነው። ከጅማና ከአጋሮ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሾፌር የጊቤን ሸለቆ ቁልቁለት በእንቅልፍ ልብ ሊወርደው አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1965 በፈረንሳይና በጀርመን የነበሩ ተመራማሪዎች፣ አንዱ ወገን ሌላውን ሳይጠብቅ፣ የትንፋሹን መቋረጥ በመሣሪያ መዝግበው አሳዩ። መንስኤው ከታወቀ በኋላ የተገኘው ፍቱን ሕክምና ግን የሚያስፈራ ነበር። በአንገት ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ ይገባል፤ በሽተኛው ቀን ቀን ይደፍነዋል፣ ሌሊት ሌሊት ይከፍተዋል። በሽታውን በእርግጥ ያድናል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ከቀዳዳው ይልቅ በሽታውን ይመርጥ እንደነበር ለመገመት አያስቸግርም።

በአውስትራልያ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የሆኑት ኮሊን ሱሊቫን ቀደም ሲል በካናዳ፣ ቶሮንቶ፣ ከኤሊየት ፊሊፕሰን ጋር በውሾች እንቅልፍና ትንፋሽ ላይ ምርምር አድርገው ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1980 የአንገት ቀዳዳውን ያልፈለገ አንድ በሽተኛ በአፍንጫው በኩል በሚነፋ አየር ለመሞከር ፈቀደ። አሳቡ ቀላል ነበር። አየሩ መተላለፊያውን ከውስጥ ገፍቶ ክፍት አድርጎ ይይዘዋል፤ እንደ ምሰሶ ይደግፈዋል ማለት ነው። ለዚህ ሥራ የዋለው ነፊ ከምንጣፍ አቧራ መምጠጫ የተወሰደ ሞተር ሲሆን፣ በመምጠጥ ፈንታ እንዲነፋ ተገለበጠ። ሱሊቫንና ባልደረቦቻቸው በ1981 በላንሴት መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ በአምስት በሽተኞች ላይ ከ4.5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ የሚደርስ ግፊት የጉሮሮውን መደፈን ፈጽሞ እንዳስቀረ አስታወቁ።

ይሁንና አየርን መንፋት አዲስ ነገር አልነበረም። ብረት ቀጥቃጭ ሁሉ ወናፍ አለው። አዲሱና አስቸጋሪው ነገር ነፊውን ከሰው አፍንጫ ጋር ማጋጠም ነበር። በሲድኒ ለእያንዳንዱ በሽተኛ የአፍንጫው ቅርጽ በጄሶ ተወስዶ፣ በዚያው ልክ ከፋይበር ግላስ ጭንብል ይሠራለት ጀመር። ጭንብሉ በየማታው ለሕክምና በተዘጋጀ የሲሊኮን ሙጫ ፊት ላይ ይጣበቃል፤ ጠዋት ይላጣል፤ ማታ እንደገና ይጣበቃል። ሞተሩም ጩኸታም ነበር። በሽተኞቹ ይህን ሁሉ መታገሣቸው ሕክምናው ምን ያህል እንደረዳቸው ከማናቸውም የሠንጠረዥ ቁጥር የበለጠ ያስረዳል።

ሙጫው ግን ለአንድ ላቦራቶሪ እንጂ ለሕዝብ የሚሆን አልነበረም። በ1985 ሬስፒሮኒክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ማሽኑን ለገበያ አቀረበ፤ በ1989 ደግሞ የሱሊቫንን ሥራ መሠረት አድርጎ በኋላ ሬስሜድ የተባለው ኩባንያ በሲድኒ ተቋቋመ። በጄሶ ልክ የሚሠራው ጭንብል ቀርቶ በማሰሪያ የሚያዝ፣ ጠርዙ ለስላሳ ሲሊኮን የሆነ ጭንብል ተተካ። የዚህ ጠርዝ ብልሃት ግፊቱ ራሱ ገፍቶ ቆዳ ላይ እንዲያስቀምጠው መደረጉ ነው። ስለዚህ ጭንብሉ መስተካከል ያለበት በሽተኛው ተጋድሞ፣ ማሽኑም እየነፋ ሳለ ነው። ቁጭ ብሎ ያስተካከለው ሰው ሲጋደም የፊቱ ሥጋ ስለሚሸሽ አየሩ ወደ ዓይኑ ይነፍስበታል። አየር ሲያመልጥ ማሰሪያውን ማጥበቅ የተለመደ ስሕተት ነው፤ የጠበቀ ማሰሪያ ጠርዙን አጣሞ ብክነቱን ያብሳል፣ የአፍንጫውንም አጥንት ያቆስላል።

በኢትዮጵያ ይኸው የግፊት ብልሃት በይበልጥ የታወቀው ከአዋቂዎች መኝታ ቤት ሳይሆን ከሕፃናት ክፍል ነው። ጆርጅ ግሪጎሪ በ1971 በሳን ፍራንሲስኮ ሳንባቸው ያልበሰለ ሃያ ጨቅላዎችን በማያቋርጥ ግፊት ረድተው ዐሥራ ስድስቱ ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው የአረፋ ዘዴ የማሽን ጥበብን እንኳ የማይፈልግ ነው። የትንፋሹ መውጫ ቱቦ ጫፍ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል፤ ጥልቀቱ በሳንቲ ሜትር ሲለካ ግፊቱ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱ የታተመ፣ በኢትዮጵያ 12 አጠቃላይ ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት፣ ከባድ የሳንባ ምች ይዟቸው ኦክስጅን ባነሳቸው ሕፃናት ላይ ይህ ዘዴ ሞትን እንደቀነሰ አሳይቷል። እዚህም ቢሆን ከባዱ ነገር መጋጠሚያው ነው። በጨቅላው ጉንጭ ላይ በፕላስተር የሚያዘው ሹካ መሳይ ቱቦ ከላላ ጠርሙሱ አረፋ ማውጣቱን ያቆማል፤ ከጠበቀ በሁለቱ አፍንጫዎች መካከል ያለውን ስስ ግድግዳ ይበላዋል። የጠርሙሱ አረፋ ለነርሷ ጠቃሚ ምልክት ነው።

ጣልያኖች በ1937 ለወታደሮቻቸው ያቋቋሙት፣ በኋላም ራስ ደስታ ዳምጠው ይባል የነበረው የጅማ ሆስፒታል ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል ነው። በዚያው በጅማ የባዮሜዲካል ምህንድስናም ትምህርት ይሰጣል። ለጅማ መሐንዲስ ከሲድኒው የተለየ ሁለት ሒሳብ አለበት። አንደኛው ከፍታ ነው። የማራገቢያ ግፊት በአየሩ እፍጋት ልክ ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል 10 ሳንቲ ሜትር እንዲሰጥ በሞተሩ ፍጥነት ብቻ የተወሰነ አሮጌ ማሽን፣ 1,700 ሜትር በሚያልፈው በጅማ ከፍታ ወደ ስምንት ዝቅ ይላል። ግፊት ለኪ ያላቸው አዲሶቹ ማሽኖች ራሳቸው ያርማሉ፤ በስጦታ የሚመጣው አሮጌ ግን በውሃ መለኪያ ሳይፈተሽ ለበሽተኛ ሊሰጥ አይገባውም። የስጦታ ማሽን ሌላም ጣጣ አለው፤ በሰኔ 2021 ፊሊፕስ የድምፅ መከላከያ ስፖንጃቸው እየፈረሰ ወደ አየሩ ሊገባ የሚችል ማሽኖችን ከገበያ መሰብሰብ ጀምሯል። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው። በ2004 ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው የግልገል ጊቤ ጣቢያ ከከተማይቱ ሩቅ ባይሆንም፣ መብራት በሌሊት ሲጠፋ ጭንብሉ አፍንጫ ላይ የተቀመጠ ክዳን ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ባትሪ ያስፈልገዋል።

ሙጫውም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተመልሷል። ባለፉት ዐሥር ዓመታት ገደማ በአሜሪካ ማሰሪያ የሌለው፣ በአፍንጫ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ በሚጣበቅና ለአንድ ሌሊት ብቻ በሚያገለግል ቁራጭ የሚጋጠም ቱቦ ለገበያ ቀርቧል። ፊቱን አያቆስልም፤ ጎን በጎን ሲተኙም አይሸሽም። ነገር ግን ቆዳው በሳሙና ታጥቦ በደንብ ካልደረቀ አይዝም፤ ማታ ማታ ፊቱን ቫዝሊን መቀባት የለመደ ሰው ልማዱን መተው አለበት። ጠዋት በለብ ያለ ውሃ እያረጠቡ ቀስ ብሎ ማላቀቅ ያሻል። ሪዛም ሰው ይቸገራል፤ በአፉ የሚተነፍስም አይጠቀምበትም፣ አየሩ በአፉ ይወጣልና። ከሁሉ የሚከብደው ግን በዓመት ከሦስት መቶ ስድሳ በላይ ቁራጭ ማስፈለጉ ነው። የማሰሪያው ጭንብል ታጥቦ ለወራት ያገለግላል፤ የሚጣበቀው ግን በየጠዋቱ ይጣላል፣ ለእያንዳንዱም የውጭ ምንዛሪ ይከፈልበታል።