ከምስክር ቃል ወደ ማኅተም፦ የተማሪ ችግር ማስረጃ ታሪክ በወልቂጤና በቡታጅራ

በዩኒቨርሲቲ አሠራር «ልዩ ሁኔታ» የሚባለው፣ ተማሪው ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት፣ ይኸውም በሕመም፣ በወሊድ ወይም በቅርብ ዘመድ ሞት ፈተና ሲያመልጠው ወይም ትምህርቱን ለማቋረጥ ሲገደድ፣ ተቋሙ መደበኛውን ደንብ የሚያላላበት አጋጣሚ ነው። ተማሪዎች «ሜካፕ» የሚሉት የማካካሻ ፈተናም ሆነ «ዊዝድሮዋል» የሚሉት ትምህርትን በፈቃድ ማቋረጥ የሚፈቀደው ችግሩ በማስረጃ ሲደገፍ ሲሆን፣ ማስረጃ ሲባልም ዛሬ በአብዛኛው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ማለት ነው። በጉራጌ ምድር ግን በአንድ ቤት ሐዘን ወይም ሕመም መድረሱ የሚረጋገጥበት ሥርዓት ከወረቀቱ እጅግ ይቀድማል፤ በሬጅስትራር መስኮት የሚቀርበው ደብዳቤም የተገኘው ከዚያው ሥርዓት ነው።

የጆካ ሸንጎ ይዳኝበት የነበረው የሰባት ቤት ጉራጌ ባህላዊ ሕግ ቂጫ እና የክስታኔ ጉራጌው ጎርዳና ሴራ ለረጅም ዘመን በቃል ሲተላለፉ የኖሩ ሲሆን፣ በእነዚህ ሕጎች እውነት የሚጣራው በሽማግሌዎች ፊት በሚሰጥ የምስክር ቃልና በመሐላ ነበር። የምስክሩ ቃል የሚመዘነው በሰፈሩ ባለው ስምና ጉዳዩን በቅርብ በማወቁ ነበር፤ ሞት ደግሞ ለቅሶ የደረሰ ሁሉ የሚመሰክረው ስለሆነ የተለየ ማረጋገጫ አይሻም ነበር። ኋላ የተስፋፋው እድር ለሐዘንተኛው የሚሰጠው ገንዘብ ከሟች ጋር ባለው ዝምድና ስለሚወሰን የአባላቱን ቤተሰብ በመዝገብ መያዝ ግድ ሆነበት፤ በዚህም የጎረቤት ዕውቀት ወደ ጽሑፍ መሻገር ጀመረ።

በመንግሥት በኩል በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ በዝርዝር ቢደነግግም፣ የመዝገቡ ድንጋጌዎች ወደፊት በሚወጣ ትእዛዝ እስኪጸኑ ድረስ እንዲቆዩና እስከዚያውም ሁኔታውን በሚያውቁ ሰዎች ቃል የሚዘጋጅ ሰነድ እንዲተካቸው አድርጓል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ነዋሪዎችና የገበሬዎች ማኅበራት ሲቋቋሙ ቀበሌው የነዋሪነትና የቤተሰብ ሁኔታ ደብዳቤ ሰጪ ሆነ፤ ይሁን እንጂ ጸሐፊው የራሱ መዝገብ ሳይኖረው ብዙ ጊዜ ምስክሮችን ጠይቆ ይጽፍ ስለነበር፣ የቀበሌ ማስረጃ ማለት ማኅተም ያረፈበት የጎረቤት ቃል ነበር።

በምዝገባ ረገድ ግን ቡታጅራ ልዩ ታሪክ አላት። በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ባቋቋሙት የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም አማካይነት በዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት በተከታታይ ይመዘገብ ጀመር። መዝገቡ ለምርምር እንጂ ለግለሰብ ማስረጃነት የታሰበ ባይሆንም፣ ክስተትን በጊዜው መጻፍ በገጠር ኢትዮጵያ እንደሚቻል አሳይቷል። በዚያው አካባቢ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ68,000 በላይ ጎልማሶችን ያካተተው የአእምሮ ጤና ጥናትም ብርቱ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ አረጋግጧል፤ ይህም የሕክምና ወረቀት አለመኖር የሕመም አለመኖር ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ እንደማይገባ የሚያስተምር ነው።

በ2004 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ፤ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ታወጀ። ወሳኝ ኩነት የሚባሉት ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ሲሆኑ፣ አዋጁ ሞት በ30፣ ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው የሚማሩት ወጣቶች በሙሉ የተወለዱት ይህ ምዝገባ ሳይጀመር በመሆኑ፣ ብዙዎቹ ከሟች አባታቸው ወይም እናታቸው ጋር ያላቸውን ዝምድና በልደት መዝገብ ሳይሆን ዘግይቶ በተዘጋጀ ሰነድ ያስረዳሉ።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ፍሬ ነገር፣ ማኅተም እምነት የሚጣልበት ከጀርባው የሚያውቅ ሰው ስላለ መሆኑ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሐሰት ሰነድን መከላከሉ ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን እናቱን ቀብሮ የተመለሰ ተማሪ የሞት ምስክር ወረቀት ገና እጁ ስላልገባ ብቻ ዓመቱን እንዲያጣ ማድረግ፣ አዋጁ ራሱ ለምዝገባ የሰጠውን 30 ቀን ለተማሪው መንፈግ ይሆናል። ወረቀቱ እስኪደርስ የእድሩንና የጎረቤቱን ቃል በጊዜያዊ ማስረጃነት መቀበል፣ የአገሪቱ ሕግ በ1952 ዓ.ም. ለራሱ የፈቀደውን መንገድ ለሐዘንተኛው ተማሪም መፍቀድ ነው።