ከካይሮ እስከ ኬፕታውን፦ በደጃችን ስለሚያልፈው መንገድ



በቅርቡ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ ስለ ሙሳፊር ሶላት ጠየቀን። «ከሐዋሳ ሞያሌ ለሚሄድ ሰው ሶላት ማሳጠር ይፈቀድለታል?» አለ። ርቀቱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና መልሱ ቀላል ነበር። ልጁ ግን አልሄደም። ጫማውን በእጁ እንደያዘ ጥቂት ቆየና «ከሞያሌ በኋላስ?» አለን። እስከ የት እንደሚጓዝ ስንጠይቀው አንገቱን ደፍቶ «ሰው ወደሚሄድበት ነው» አለ።

ሰው ወደየት እንደሚሄድ በእኛ ሰፈር ማስረዳት አያስፈልግም፤ ደቡብ አፍሪካ ነው። ያን ዕለት ማታ ተሰባስበን ስንወያይ አንድ ነገር ገረመን። ይህ መንገድ ልጆቻችንን ይወስዳል፤ ቡናችንን ይወስዳል፤ እንግዳ ያመጣልናል። ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ፣ ማን እንዳሰበውና ማን እንደሠራው ግን ከመካከላችን አስተካክሎ የሚናገር አልነበረም። ስለዚህ የምናውቀውን በአንድ ላይ አሰባስበን ልናካፍላችሁ ወደድን። እስከ መጨረሻው አብራችሁን ቆዩ።

መስመሩ

በሐዋሳ በኩል የሚያልፈው ዋና አስፋልት የሻሸመኔና የዲላ መንገድ ብቻ አይደለም። ከካይሮ ተነስቶ ኬፕታውን የሚደርሰው፣ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የአፍሪካ አውራ ጎዳና አንዱ ክፍል ነው። ከግብፅ ወደ ሱዳን ይወርዳል፤ በኻርቱምና በገዳሪፍ በኩል አድርጎ በመተማ ወደ አገራችን ይገባል። ጎንደርን፣ ባሕር ዳርንና ደብረ ማርቆስን አልፎ ዐባይ በረሃ ይወርድና ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ከዚያም በሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ)፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ በኩል ሐዋሳ ይደርሳል። ከእኛ ቀጥሎ ዲላ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ሀገረ ማርያም (ቡሌ ሆራ)፣ ያቤሎ፣ ሜጋ፣ ሞያሌ ናቸው። ድንበሩን ሲሻገር ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎ፣ ናይሮቢ፤ ከዚያም ታንዛኒያ፣ ዛምቢያ፣ እያለ ወደ ደቡብ ይዘልቃል።

ሐዋሳ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው ፊቱን ወደ ካይሮ አዙሯል፤ ወደ ደቡብ የሚያይ ወደ ኬፕታውን። የከተማችን አቀማመጥ እንዲህ ነው።

እኛን ሳይጨምር የተጀመረ ሕልም

ካይሮንና ኬፕታውንን የማገናኘት ሐሳብ ከአፍሪካውያን አልመጣም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሴሲል ሮድስና መሰሎቹ አህጉሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር ለማድረግ የባቡር ሐዲድና የቴሌግራፍ መስመር አለሙ። የአሁኗ ታንዛኒያ በጀርመን እጅ ስለነበረች መስመሩ መሐል ላይ ተቆረጠ። ሐዲዱ ዛሬም ድረስ አልተገጣጠመም።

ሐዲዱ ባይሳካም መኪና ተሞከረ። በእ.ኤ.አ. መስከረም 1924 ሜጀር ኮርት ትሪት የተባለ እንግሊዛዊ ከሚስቱና ከጓደኞቹ ጋር በሁለት መኪና ከኬፕታውን ተነሳ። ካይሮ የደረሱት በጥር 1926 ነው፤ 16 ወር ፈጀባቸው። በጭቃና በወንዝ መኪናውን በገመድ እየጎተቱ ነበር የተጓዙት። በአገራችን ግን አላለፉም። የተጓዙት እንግሊዝ በምትገዛቸው አገሮች ነበር፤ ኢትዮጵያ የራሷ መንግሥት ያላት አገር ናትና በዚያ ካርታ ላይ ቦታ አልነበራትም።

ያ ዘመን ለእኛ የተወው ነገር ሞያሌ ላይ ይታያል። በ1900 ዓ.ም. አጼ ምኒልክና እንግሊዝ በተፈራረሙት የድንበር ስምምነት የተሰመረው መስመር ዛሬ ሞያሌን ለሁለት ይከፍላታል። በሁለቱም ወገን ያለው ሕዝብ አንድ ነው፤ ቋንቋውም ዘሩም አንድ ነው። ቦረናው ከብቱን ይዞ ሲሻገር የኖረበት ምድር በወረቀት ተከፈለ።

ከኬፕ የመጡት ወታደሮች

ከደቡባዊው የአህጉሩ ጫፍ ብዙ ሰው በዚህ አቅጣጫ የመጣው በጦርነት ጊዜ ነው። በጣሊያን ወረራ ማብቂያ፣ በየካቲት 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ከኬንያ ተነስቶ ሜጋን ከጣሊያን ነጠቀ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ በሐይቆቹ ዙሪያ ከባድ ውጊያ ተደረገ። የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ሻሸመኔን ያዘ፤ ቀጥሎም ሃላባ ቁሊቶ ላይ ተዋጋ። ከጠላት እኩል ያስቸገራቸው የክረምቱ ዝናብና ጭቃ ነበር። ያን ጊዜ ሐዋሳ የሚባል ከተማ አልነበረም።

አውራ ጎዳና

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ጣሊያን ሠርቶት የሄደውን መንገድ መጠገን አቃተው። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። ባንኩ ለአፍሪካ አገር ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ ይህ ነው። በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን የመሩትና ያሠለጠኑት ከአሜሪካ የመጡ መሐንዲሶች ነበሩ፤ የአገራቸው የመንገድ መሥሪያ ቤት የላካቸው። ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ የመንገድ ሠራተኛን «አውራ ጎዳና» ብለው የሚጠሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

የሐዋሳ ታሪክም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ይርጋ ዓለም ነበረች። ይርጋ ዓለም ለም ናት፤ ውሃዋም አየሯም ያማረ ነው፤ ግን ከዋናው መስመር ወጣ ብላ ነው ያለችው። አፖስቶ ላይ ታጥፎ መግባት ይጠይቃል። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ የነበሩት ራስ መንገሻ ሥዩም በ1952 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር አዲስ ከተማ እንዲቆረቆር አደረጉ። ቦታው የሲዳማ ከብት አርቢዎች ግጦሽ ነበር፤ አዳሬ ይባል ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ይገኙበታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መቀመጫውም ከይርጋ ዓለም ወደ ሐዋሳ ተዛወረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ይርጋ ዓለም ምንም አላጠፋችም። ከመንገዱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቀች፤ በቃ። ሐዋሳ ደግሞ በሐይቁና በመንገዱ መካከል ተቀመጠችና ሁሉ ወደ እሷ ፈሰሰ፦ ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ሳይቀር። የብዙዎቻችን አባቶች ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከሃላባ፣ ከወሎ በዚሁ መንገድ መጥተው ነው ሱቅ የከፈቱት፣ መስጂድ ያቆሙት። መንገዱ ባይኖር ይህን ገጽ የምናነብ ብዙዎቻችን ጎረቤት ባልሆንን ነበር።

አፍሪካ ካርታውን በራሷ ሳለችው

የሮድስን መስመር የለወጡት ነጻ የወጡት አገሮች ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ መቀመጫውን አዲስ አበባ አደረገ። በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ አህጉሩን የሚያስተሳስሩ አውራ ጎዳናዎች አቀደ፤ ዛሬ 9 መስመሮች ናቸው። ከነዚህ አራተኛው የካይሮው መስመር ነው። በአዲሱ ካርታ ላይ መንገዱ በኢትዮጵያ መሐል እንዲያልፍ ተደረገ። በታችኛው ጫፍ ደግሞ ቦትስዋና፣ ጋቦሮኔ ላይ እንዲቆም ተወሰነ። በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ ሥርዓት ነበረና። ኬፕታውን የተጨመረችው ያ አገዛዝ ከወደቀ በኋላ ነው። ዘረኝነት እንኳን መንገድ ያሳጥራል!

በካርታ ላይ ማስመር ቀላል ነው፤ አስፋልቱ ግን ዘገየ። ከሁሉ የከፋው የእኛና የኬንያ ድንበር ነበር። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ድንጋይና አቧራ ነበር፤ የጭነት መኪኖች ሽፍታ ፈርተው ተጠባብቀው በአጀብ ነበር የሚጓዙት። አንድ ሐጂ፣ የቀድሞ ሾፌር ናቸው፣ ስለዚያ ዘመን ሲያወጉን «ጎማ ከፈነዳ ሦስት ነገር ነው የምትይዘው፤ ውሃህን፣ ክሪክህንና ዱዓህን» ይሉናል። በአፍሪካ ልማት ባንክና በሌሎች አበዳሪዎች ገንዘብ የኬንያው ወገን በ2009 ዓ.ም. አካባቢ ሙሉ በሙሉ አስፋልት ሆነ። በእኛም በኩል ከሐዋሳ በሀገረ ማርያም፣ በያቤሎና በሜጋ እስከ ሞያሌ ያለው እንደ አዲስ ተሠራ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገር መሪዎች ሞያሌ ላይ ተገናኝተው መንገዱንና የጋራውን የድንበር መፈተሻ ጣቢያ መረቁ። በሰሜን በኩልም ከሞጆ ሐዋሳ የሚደርሰው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የፍጥነት መንገድ በአራት ተከፍሎ ተጀምሮ እስከ ባቱ ያለው አገልግሎት እየሰጠ ነው።

አልሐምዱሊላህ፤ ይህ ሁሉ ጸጋ ነው። ለነጋዴው ጊዜ ነው፤ ለታማሚው ሕይወት ነው፤ ለገበሬው ቡናው ሳይበላሽ ገበያ መድረስ ነው።

በዚሁ መንገድ የሚሄዱት

መንገዱ ሲስተካከል ግን ሌላም ነገር አብሮ ፈጠነ። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሃላባና ከእኛም ከተማ ወጣቶች በሞያሌ ወጥተው ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ከጀመሩ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ደርሰው ሱቅ የከፈቱ፣ ለእናታቸው ቤት የሠሩ አሉ፤ ይህን አንክድም። ጆሐንስበርግ ውስጥ አማርኛ እየተናገሩ መዋል የሚቻልበት ሰፈር አለ። የደረሱት ፎቶ ይልካሉ። ያልደረሱት ፎቶ አይልኩም።

ስላልደረሱት ዓለም ሁሉ የሰማውን ብቻ እንጥቀስ። በሰኔ 2004 ዓ.ም. ታንዛኒያ ዶዶማ አካባቢ በጭነት መኪና ታፍነው ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞቱ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ከአውራው መስመር ወጣ ብሎ ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሬሳ ተገኘበት፤ የተረፉት 14 ነበሩ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ማላዊ ውስጥ የኢትዮጵያውያን ነው የተባለ የጅምላ መቃብር ተገኘ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ዛምቢያ ሉሳካ ዳር 27 የወገኖቻችን አስከሬን መንገድ ላይ ተጥሎ ተገኘ።

ዶዶማና ሉሳካ ከላይ ከተናገርነው መስመር የሚቆጠሩ ከተሞች ናቸው። ከ16 ወር በኋላም ቢሆን ኮርት ትሪት በሕይወት ካይሮ ደርሷል። የኛ ልጆች ግን የተሻለ አስፋልት ባለበት ዘመን አየር አጥተው ሞቱ። ያጠራቸው መንገድ አልነበረም፤ በመንገዱ በግልጽ፣ በሰነድ፣ በመቀመጫ ላይ ተቀምጦ ማለፍ ነው። ኮንቴይነር የተሠራው ለዕቃ ነው። ደላላ ሰውን በዕቃ ቦታ ሲያስገባ ዋጋውን የተቀበለው በቅድሚያ ነው፤ ቢደርስም ባይደርስም እሱ አይጎዳም።

ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ገና በልጅነታችን ተምረናል። ብዙ ጊዜ ድንጋይና እሾህ ብቻ ይመስለናል። በዚህ መንገድ ላይ ያለው ትልቁ እንቅፋት ግን ውሸት ነው። «በሳምንት ትደርሳለህ» የሚለው ውሸት፣ «የማውቀው ሰው ነው የሚወስደው» የሚለው ውሸት፣ ከብት ሸጦ ብር የሚያዋጣው ቤተሰብ ራሱን የሚያታልልበት ውሸት። ይህን ማንሳት የሁላችንም ድርሻ ነው። ልጁ ሊሄድ መሆኑን ያወቀ አባት፣ ከመቆጣቱ በፊት ከመንገድ የተመለሰ ሰው ፈልጎ አንድ ላይ ያስቀምጣቸው። እዚህ ሥራ መስጠት የሚችል ነጋዴ ደግሞ «ሥራ የለም» ከማለቱ በፊት ሁለቴ ያስብ። ልጅን «አትሂድ» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም።

ያ ወጣት ይህን እስከምንጽፍ ድረስ ከእኛው ጋር ነው። መንገዱን በካርታ አሳይተነዋል፤ ከሐዋሳ እስከ ታች እያንዳንዱን ከተማ በጣቱ እየነካ ሄደ። ሉሳካ ላይ ሲደርስ የሆነውን ነገርነው። ጣቱን አነሳ፤ ምንም አላለም። መግሪብ ደርሶ ነበርና ተነስተን አብረን ሰገድን። ምን እንደሚወስን አላህ ያውቃል፤ እኛ ግን ነገም እንጠብቀዋለን።

አላህ ሙሳፊሮቻችንን ይጠብቅ፤ በሰው አገር የቀሩትን ይማራቸው፤ ለእናቶቻቸው ሶብር ይስጥ። ወላሁ አዕለም።

ጠቃሚ ሆኖ ካገኛችሁት ልጁ «ለመሄድ አስቧል» ለምትሉት ወዳጅ አድርሱልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።