አንዲት ጭረት፣ የ40 ዓመት ዕዳ

ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የአንድን ፋይል አድራሻ ብታዩ፣ ፎልደሮቹን የሚለያየው ምልክት «\» ነው። በሊኑክስ፣ በማክ እና በኢንተርኔት አድራሻዎች ላይ ግን «/» ነው። አብዛኛው ሰው ልብ አይለውም። ለፕሮግራመሮች ግን የማያልቅ ራስ ምታት ነው። ከየት መጣ?

ነገሩ የሚጀምረው አሜሪካ፣ ቤል ላብስ ውስጥ ነው። ኬን ቶምፕሰን እና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የሠሩት ዩኒክስ ፎልደርን በፎልደር ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፤ መለያው «/» ሆነ።

በ1981 ማይክሮሶፍት ለአይቢኤም ፒሲ ያቀረበው ዶስ ግን ጭራሽ ፎልደር አልነበረውም። ፍሎፒ ዲስክ የሚይዘው ጥቂት ፋይል ስለሆነ ማንም አልተቸገረም። «/» ግን ሌላ ሥራ ይዞ ነበር፤ ለአንድ ትዕዛዝ ተጨማሪ መመሪያ መስጫ ነበር።

በ1983 ባለ 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስኩ ፒሲ ኤክስቲ መጣ። አሁን ፎልደር የግድ ሆነ። ዶስ 2.0 ሐሳቡን ከዩኒክስ ወሰደ፤ ምልክቱን ግን መውሰድ አልቻለም፣ ተይዟል። ሰው የለመዳቸው ትዕዛዞች እንዳይበላሹ ሲባል «\» ተመረጠ።

ችግሩ «\» ራሱ ሥራ ፈት አልነበረም። በሲ ቋንቋ ከኋላው የሚመጣውን ፊደል ትርጉም ይቀይራል፤ «ኤን» የተባለችው የእንግሊዝኛ ትንሽ ፊደል ከተከተለችው «አዲስ መስመር ጀምር» ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ በዚያች ፊደል የሚጀምር ፎልደር ኮድ ውስጥ እንዳለ ከተጻፈ አድራሻው ይሰበራል። መፍትሔው ጭረቱን ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው። በጃፓን ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ይኸው ምልክት የየን ገንዘብ ምልክት (¥) ሆኖ ሲታይ ኖሯል።

ዛሬ መድኃኒት አለ። ፓይተን ከ2014 ጀምሮ ለዚህ የተዘጋጀ መሣሪያ አለው፤ ፕሮግራመሩ የፎልደሮቹን ስም ይሰጣል፣ ጭረቱን ቋንቋው ራሱ ይመርጣል። ሆኖም ጭረቱ ብቻ አይደለም ልዩነቱ። ሊኑክስ የእንግሊዝኛን ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፣ ዊንዶውስ በተለምዶ አይለይም። ላፕቶፕ ላይ ያለ እንከን የሠራ ፕሮግራም ሰርቨር ላይ ሲጫን «ፋይሉ የለም» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

የ1983ቱ ውሳኔ ሞኝነት አልነበረም። የነበረውን ተጠቃሚ ላለማስቀየም የተደረገ ነው። ነገር ግን ሒሳቡን እየከፈሉ ያሉት ያኔ ያልተወለዱ ሰዎች ናቸው። ዛሬ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሥሪያ ቤት ሁሉ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው። የፋይል አሰያየም፣ የቀን አጻጻፍ፣ የስም ፊደል «ለጊዜው እንዲህ ይሁን» ተብሎ ከተጀመረ በኋላ፣ ሺህ ፋይል ሲከመርበት የሚነካው አይገኝም።