ከጉርድ ፎቶ እስከ ዐውደ ርዕይ፦ ኢትዮጵያውያን ፎቶ አንሺዎችና የሥራቸው መነሻ

በጢቾም ሆነ በሌሎች የአርሲ ደጋማ ከተሞች ብዙ ሰው ከካሜራ ጋር የሚተዋወቀው በጉርድ ፎቶ ነው። ለመታወቂያ፣ ለብድር ቅጽ ወይም ለልጅ ትምህርት ቤት ምዝገባ ፎቶ ቤት ይገባል፤ ኮሌታውን አስተካክሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ፊቱን አኮሳትሮ ይቀመጣል። በዚህ እይታ ፎቶ አንሺ እንደ ልብስ ሰፊ ወይም እንደ ሰዓት ጠጋኝ አገልግሎት ሰጪ ነው። እይታው ስሕተት የለበትም፤ ፎቶ ቤት የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ይሁንና ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ ከዚሁ ሙያ ጎን ሌላ መንገድ የያዙ ኢትዮጵያውያን ተነሥተዋል። የአንዳንዶቹ ሥራ በኒው ዮርክና በዋሽንግተን ሙዚየሞች ተቀምጧል፤ ሌሎቹ በዓለም አቀፍ ውድድሮች ተሸልመዋል። የሥራዎቻቸው መነሻ ሲመረመር ደግሞ የሚገኘው ከሩቅ አይደለም፤ የአያት ንግግር፣ የመቃብር ድንጋይ፣ ውኃ ተሸክማ የምትጓዝ ሴት፣ በመንገድ የሚያልፍ ሊስትሮ ነው።

ይህ ጽሑፍ የጥቂቶቹን አነሣሥና የሥራ ጉዞ ያስተዋውቃል። ዓመተ ምሕረት ተብለው ካልተገለጹ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከቤተ መንግሥት እስከ ድርቁ ዘመን

ካሜራ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በእንግዳ እጅ ነው። በ1868 በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺ ወታደሮችን ይዞ መቅደላ ድረስ ወጥቷል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ደግሞ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ሆኑ፤ ሙያው ወደ ልጆቻቸውም ተላለፈ። ኋላ የተነሡት አቶ ሽመልስ ደስታ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ የኋለኛ ዘመን እስከ ደርግ ድረስ የመንግሥትን ሥራ በካሜራ ሲከታተሉ ቆይተው በ1982 ወደ ለንደን ተሰደዱ። ያነሷቸው ፎቶዎች ከዓመታት በኋላ፣ በ2007፣ በዚያችው ከተማ ለሕዝብ ታይተዋል።

በዚህ ረጅም ዘመን አርሶ አደሩ በፎቶ ውስጥ ካለም ያለው ከጀርባ ነው፤ ንጉሡ ሲያልፉ እጅ የሚነሣ፣ መኳንንት ሲሰበሰቡ በሩቅ የሚቆም። ወደ ፊት የመጣው በክፉ ቀን ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን በኮረም መጠለያ የቀረጸው ምስል በጥቅምት 1984 በእንግሊዙ ቢቢሲ ተላለፈ። ምስሉ የዓለምን ልብ ነክቶ እርዳታ አስገኝቷል፤ የብዙ ሰው ሕይወትም አትርፏል። በዚያው መጠን የኢትዮጵያ ገበሬ ማለት እጁን የዘረጋ፣ አጥንቱ የወጣ ሰው ነው የሚል ሥዕል በሌላው ዓለም አእምሮ ውስጥ ተክሏል። ያኔ ስንዴና ገብስ የሚያመርተው የአርሲ ደገኛም ሆነ ሌላው አርሶ አደር ከዚህ ሥዕል የሚያመልጥበት መንገድ አልነበረውም። አርሲ በዓለም ካሜራ ፊት በበጎ የቀረበችው በሯጮቿ ነው። በቆጂ ንጋት ላይ በጭጋግ ውስጥ የሚሮጡ ወጣቶች ፎቶ ስንቱን የውጭ ጋዜጠኛ ወደ ደጋው አምጥቷል! ረሃብና ሩጫ ግን የአንድን ሕዝብ ኑሮ ሙሉ በሙሉ አይገልጹም።

አይዳ ሙሉነህና «ዓለም ዘጠኝ»

ከዘመኑ ኢትዮጵያውያን ፎቶ አንሺዎች በዓለም ይበልጥ የምትታወቀው አይዳ ሙሉነህ ናት። በ1974 አዲስ አበባ ተወልዳ ገና በልጅነቷ ከአገር ወጣች፤ የመንንና እንግሊዝን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች ካደገች በኋላ በ1985 ቤተሰቧ ካናዳ ገባ። ከፎቶግራፍ ጋር የተዋወቀችው በዚያ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች፣ ፊልም በሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። በ2000 በዋሽንግተን ከሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በፊልም ሙያ ተመርቃ በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ የፎቶ ጋዜጠኛ ሆነች። በ2007 በማሊ ባማኮ በተካሄደው የአፍሪካ ፎቶግራፍ ጉባኤ የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት ያገኘች ሲሆን፣ በዚያው ጊዜ ገደማም ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች።

የተመለሰችበት አገር አንባቢ እንደሚያውቀው ነው፤ የሚያጋጥመው የውጭ ሰው ሁሉ ድርቁን የሚያነሣበት። አይዳ ለዚህ የሰጠችው ምላሽ ክርክር ሳይሆን ሥራ ነበር። በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን፣ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል መሠረተች። የአፍሪካና የሌላው ዓለም ባለሙያዎች ሥራቸውን ይዘው አዲስ አበባ መጡ፤ የአገሬው ወጣቶችም የራሳቸውን ፎቶ ከእነሱ ጎን መስቀል ጀመሩ።

በራሷ ሥራ ውስጥ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ እንደ ገበያ ቀን ልብስ ጎልተው ይታያሉ። የሴቶቹ ፊት በነጭ ወይም በሰማያዊ ቀለም ይቀባል፤ ይህም በአፍሪካ ልዩ ልዩ ሕዝቦች ዘንድ ካለው ሰውነትን የመቀባት ልማድ የተወሰደ ነው። በ2016 ያቀረበችው ተከታታይ ሥራ ርእሱን ያገኘው ከአያቷ አፍ ነው። አያቷ «ዓለም ዘጠኝ ናት» ይሉ ነበር፤ አትሞላም፣ አትጎድልም አይባልላትም ለማለት። ይህን አባባል በጢቾ ገበያም፣ በአሰላ ሻይ ቤትም የማያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ አይኖርም። አይዳ ግን ለኒው ዮርክና ለለንደን ተመልካች አዲስ ሐሳብ አድርጋ አቀረበችው።

ለገጠር አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው «የውኃ ሕይወት» ልንለው የምንችለው የ2018 ሥራዋ ነው። ዎተር ኤይድ የተባለው ድርጅት ስለ ውኃ እጥረት ፎቶ እንድታነሣ ጠየቃት። ለዚህ ዓይነት ሥራ የተለመደው መንገድ የደረቀ ወንዝና የተራቆተ ልጅ ማንሣት ነበር። እርሷ ግን በየአገሩ ስትጓዝ በመንገድ ዳር ያየቻቸውን፣ ውኃ ተሸክመው የሚመለሱ ሴቶች ሰልፍ አስታውሳ ወደ አፋር ዳሎል ወረደች። በጨው ሜዳው ላይ ሴቶችን በደማቅ ልብስ አቆመች። ሸክሙ አለ፤ ድካሙም አለ። ተሸካሚዋ ግን አንገቷን አልደፋችም።

ፈተናው በ2020 ተደገመ። በዚያ ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማት ለተባበሩት መንግሥታት የዓለም ምግብ ፕሮግራም ሲሰጥ፣ ኦስሎ የሚገኘው የኖቤል የሰላም ማዕከል ስለ ረሃብ የሚናገር የፎቶ ሥራ እንድታዘጋጅ አይዳን መረጠ። በረሃብ ፎቶ ስሟ ከታወቀ አገር የወጣች ሴት ረሃብን አንሺ ተባለች ማለት ነው። አይዳ አንድም የተራበ ሰው አላነሣችም። ረሃብ በጦርነት ውስጥ እንደ መሣሪያ የሚያገለግልበትን ታሪክ በተቀባ ፊት፣ በምልክትና በቀለም ሠራችው። ከሥነ ጥበቡ ዋጋ ባሻገር ይህ ውሳኔ ክብደት አለው፤ የሰውን ጉስቁልና ሳያሳዩ ስለ ጉስቁልና መናገር እንደሚቻል በተግባር አሳይቷልና።

ቀለም የከለከለው ሠዓሊ

ሚካኤል ጸጋዬ ወደ ካሜራ የመጣበት መንገድ ሌላ ነው። በ1975 የተወለደው ሚካኤል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሮ በ2002 ተመረቀ። ሙያውን እንደጀመረ ሰውነቱ የዘይት ቀለምን መቋቋም አቃተው፤ አለርጂ ሆነበት። ብሩሹን አስቀምጦ ካሜራ ያነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ማሳው በአሲድ ተበላሽቶ ዘር የለወጠ ገበሬ ይህን ታሪክ በቀላሉ ይረዳዋል።

ከሥራዎቹ ሁሉ ሳይረሳ የሚቀረው በአዲስ አበባ መካነ መቃብር ያነሣው ነው። በመቃብር ድንጋይ ላይ የሟቹን ፎቶ መለጠፍ በከተማም በገጠርም የተለመደ ነው። ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ፎቶው ይላጣል፤ ዐይን ይጠፋል፣ ግማሽ ፊት ይቀራል። ከተማዋ ስትሰፋ መቃብሮቹ ሲነሡ፣ ሚካኤል እነዚያን የተሰነጣጠቁ ፊቶች አንድ በአንድ አነሣቸው። ፎቶን በፎቶ ማንሣት ነው፤ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲሞት እንደማየት ያለ። በየቤቱ ግድግዳ ላይ በጭስ የጠቆረ የአባት ፎቶ ላለው ሰው የሚለው ነገር አለው። (እንዲህ ያለ ፎቶ ያለው ሰው ከምድጃው አቅጣጫና ከመስኮት ፀሐይ ቢያርቀው፣ ካልሆነም በስልክ ቅጂውን ቢያስቀር መልካም ነው።)

ፈራሽ ሰፈሮችንና በምትካቸው የሚነሡ ሕንፃዎችንም በተከታታይ አንሥቷል። አንኮበርን የሚመለከት ሥራም አለው።

ስልክ የሠራው ሥራ

ካሜራ ውድ ነው፤ ሌንሱም የዚያኑ ያህል። ግርማ በርታ ግን ታዋቂ የሆነው በእጅ ስልክ ባነሣቸው ፎቶዎች ነው። በራሱ ጥረት የተማረ ባለሙያ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ መንገዶች የሚያልፉትን ሸክም ተሸካሚዎች፣ ጫማ ጠራጊዎች፣ ሻጮችና እግረኞች ያነሣል። ከዚያም ከግርግሩ ለይቶ በአንድ ዓይነት ደማቅ ቀለም ላይ ብቻቸውን ያቆማቸዋል፤ አብሯቸው የሚቀረው ጥላቸው ብቻ ነው። በየቀኑ አልፈነው የምንሄደው ሰው በዚያ ባዶ ቀለም ላይ ሲቆም እንደ ንጉሥ ይታያል። ሥራው በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ ይሰጡት ከነበረው የገንዘብ ድጋፍ ተሸላሚዎች አንዱ አድርጎታል።

በአርሲም ስልክ የሌለበት ቀዬ ጥቂት ነው። የልማት ሠራተኛው በዋግ የተመታ ስንዴ ሲያይ ቅጠሉን አንሥቶ ለባለሙያ ይልካል፤ ይህም የራሱ ጥቅም ያለው ፎቶግራፍ ነው። በግርማ ሥራና በዚህ መካከል ያለው ልዩነት ከመሣሪያው ይልቅ ከመመልከት ትዕግሥት የሚመጣ ይመስላል።

ኢየሩሳሌም ጅሬኛም ከዚሁ ትውልድ ናት። በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ያነሣቻቸው ሴቶች፣ ልብሳቸው ከተቀባው ግድግዳ ጋር ሲነጋገር ይታያል። ማህደር ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ከምህንድስና ትምህርት ወደ ፎቶግራፍ ዞራ፣ ወጣቶች የሚሠለጥኑበትንና የሚወያዩበትን የኢትዮጵያ የፎቶግራፍ ማዕከል መሥርታለች።

በጊምቢቹ ማሳ ላይ የተነሣው ሐዘን

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በቢሾፍቱ አቅራቢያ በጊምቢቹ ወረዳ ማሳ ላይ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። የአሶሺየትድ ፕሬስ ባልደረባ የሆነው ሙሉጌታ አየነ በቦታው ተገኝቶ የቀጣዮቹን ቀናት ሐዘን አነሣ። ከፎቶዎቹ አንዱ፣ ወገኗን ያጣች ሴት ከመሬቱ ዐፈር እየዘገነች በፊቷ ላይ ስትበትን ያሳያል። በ2020 የዓለም የፕሬስ ፎቶ ውድድር ይህ ተከታታይ ሥራ በዘርፉ አንደኛ ወጣ፤ ያ አንድ ፎቶም ለዓመቱ ምርጥ ፎቶ ከታጩት መካከል ነበር።

ለሩቅ ተመልካች ሴትዮዋ ራሷን የሳተች ልትመስል ትችላለች። ሙሾ ተቀምጦ ያደገ ሰው ግን ዐፈር መበተን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ፎቶ አንሺው የአገሩ ሰው መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ መቼ ካሜራውን ማንሣት፣ መቼ ዝቅ ማድረግ እንዳለበት ከባህሉ ይማራል። ሐዘንተኛን ማንሣት ነውር ነው የሚሉ ወገኖች ክርክርም በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

የሰው ምስል የማን ነው?

ክርክሩ በሕግም የተነካ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንኛውም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ሰውዬው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ወይም ባለ ሥልጣን ሲሆን፣ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም ሲውል፣ ወይም ፎቶው በአደባባይ ከተደረገ ሁነት ወይም በዓል ጋር ሲያያዝ። ስለዚህ በኢሬቻ ወይም በጥምቀት አደባባይ የተነሣ ሰውና በጓሮው ከብት ሲያልብ የተነሣ ሰው መብታቸው እኩል አይደለም። ማሳው ላይ ሳለ የተነሣ አርሶ አደር ምስሉ ለማስታወቂያ ወይም ለፖስት ካርድ ሽያጭ ያለፈቃዱ ከዋለ እንዲቆም የመጠየቅ መብት አለው።

ፎቶ አንሺውም መብት አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሌሎች የፈጠራ ሥራዎች ጋር ይጠብቃል፤ የጥበቃው ዘመን ግን ከመጽሐፍና ከሙዚቃ ያጥራል። ጸሐፊ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ሲጠበቅለት፣ ፎቶግራፍ የሚጠበቀው ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ ለ25 ዓመት ነው።