ተሽከርካሪ የማይገባበት የብስክሌት መንገድ፦ ከፈረንሳይ ደኖች እስከ ሙስካት ባሕር ዳር

ብስክሌት በሙስካት ከሁሉ አስቀድሞ የሠራተኛ መጓጓዣ ነው። ጎህ ሳይቀድ ከማደሪያው ወደ ግንባታ ቦታ ወይም ወደ ሱቅ የሚሄደው ሰው የታክሲ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲል ከባድ መኪኖች በሚያልፉበት አስፋልት ጠርዝ ይነዳል። ይኸው ሰው በዕረፍት ቀኑ ብስክሌቱን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ሲወጣ ግን ጉዞው ሌላ መልክ ይይዛል። ከኋላው የሚመጣ የመኪና ድምፅ ስለሌለ ዐይኑ ከመንገዱ ተነሥቶ ባሕሩንና ተራራውን ያያል። በአውሮፓ ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ብቻ የተዘጋጁ መንገዶች በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይለካሉ። በዚህ ረገድ ስሟ በብዛት ከሚነሣው አገሮች አንዷ ፈረንሳይ ናት።

ፈረንሳዮች እንዲህ ያለውን መንገድ «አረንጓዴ መንገድ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2004 በትራፊክ ሕጋቸው ውስጥ ስሙ ተለይቶ ገብቷል። ሞተር ለሌላቸው ተሽከርካሪዎችና ለእግረኞች የተከለለ ሲሆን፣ በአንዳንድ ሥፍራ ፈረሰኛም ይፈቀድለታል። ከአውራ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ መኪና እንዳይገባ አጭር ምሰሶ ወይም ማገጃ ይተከልበታል።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ከእነዚህ መንገዶች ብዙዎቹ ከመነሻቸው ለብስክሌት ያልተሠሩ መሆናቸው ነው። በቡርጎኝ ክፍለ አገር ጊቭሪን ከክሉኒ ጋር የሚያገናኘውና እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው መንገድ ቀድሞ የባቡር ሐዲድ ነበር። የእንፋሎት ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ፣ መሐንዲሶቹ ኮረብታውን እየቆረጡ ሸለቆውንም እየደለደሉ ለዘብ ያለ መንገድ ሠሩለት። ባቡሩ ሥራ ሲያቆምና ብረቱ ሲነሣ የቀረው ድልድል ለሕፃንም ለሽማግሌም የማይከብድ የብስክሌት መንገድ ሆነ። የጭነት ጀልባ ይተላለፍባቸው የነበሩ ቦዮችም እንዲሁ ናቸው፤ ጀልባውን በገመድ የሚጎትቱ ፈረሶች ይራመዱበት የነበረው የቦይ ዳር ዛሬ የብስክሌት ሆኗል።

ደንና ሐይቅን አንድ ላይ ለማየት ለሚሻ በብሪታኒ የሚገኘው የጌርሌዳን ሐይቅ ጥሩ ምሳሌ ነው። ናፖሊዮን የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን ለመሸሽ ሲል ያሠራው ከናንት እስከ ብሬስት የሚዘልቀው ቦይ በዚህ ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 የተጠናቀቀ የኤሌክትሪክ ግድብ ግን ሸለቆውን በውኃ ሞላው፣ ቦዩንም ለሁለት ቆረጠው፤ ጀልባም ዳግመኛ አልተሻገረበትም። ሐይቁ የተወለደው ከዚህ ነው። በደቡቡ የኬኔካን ደን ያረፈበት ሲሆን፣ በሰሜኑ በኩል ደግሞ የተዘጋ የባቡር መሥመር አረንጓዴ መንገድ ሆኖ ያልፋል። በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለው የላንድ ጥድ ደንም ቢሆን የተፈጥሮ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1857 በወጣ ሕግ ረግረጉ እንዲጠነፈፍና ጥድ እንዲተከልበት ተደርጎ የተገኘ ነው። በዚያ ደን ውስጥ በላካኖና በኡርታን ሐይቆች አጠገብ የሚያልፈው የብስክሌት መንገድ ከሰሜን ሮስኮፍ ተነሥቶ እስከ ስፔን ድንበር ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀው የአትላንቲክ ዳርቻ መሥመር አካል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የአገር ቤት ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ፈረንሳዮች ሐዲድ የዘረጉት በአገራቸው ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1897 ሥራው ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር የፈረንሳይ ኩባንያ ሥራ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ ወዲህ የአሮጌው መሥመር አብዛኛው ክፍል ያለ ሥራ ተቀምጧል። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከለገሃር ተነሥቶ በሞጆ፣ በአዳማና በአዋሽ የሚወርደው ይህ ድልድል ቡርጎኝ ካለው ጋር አንድ ዓይነት የምሕንድስና ውጤት ነው፤ አንድ ቀን ለብስክሌት ይውላል ብሎ ማሰብም ከቅዠት የሚቆጠር አይመስለንም።

ወደ ሙስካት ስንመለስ ግን ታሪኩ የተለየ ነው። ኦማን እንደ ፈረንሳይ የተዘጋ የመንገደኛ ባቡር መሥመር የላትም። ቦይ አላት፤ ፈለጅ የሚባለው የመስኖ ቦይ ከሺህ ዓመታት በፊት የተጀመረ ሲሆን፣ አምስቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ነገር ግን ፈለጅ ውኃ ለተምር ዛፍ እንጂ ጀልባ ለነጋዴ የሚያደርስ አልነበረምና ፈረስ የሚራመድበት ሰፊ ዳር አልተበጀለትም። አውራ ጎዳናም ቢሆን የቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1970 ድረስ በመላ አገሪቱ የነበረው አስፋልት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እንደነበር ይነገራል። የአሮጌው ሙስካት በር ፀሐይ ከጠለቀች ከሦስት ሰዓት በኋላ ይዘጋ ነበር፤ በማታ የሚንቀሳቀስም ፋኖስ መያዝ ግዴታው ነበር። ከዚያ ወዲህ በተራራና በባሕር መካከል ባለው ጠባብ መሬት ላይ ከሙትራህ እስከ ሲብ የተዘረጋው ከተማ ለመኪና ታስቦ የተሠራ ነው። የሱልጣን ቃቡስ ጎዳና የከተማው አከርካሪ ነው፤ ብስክሌት የያዘ ሰው ግን በዚያ ጎዳና ላይ ቦታ የለውም።

ስለዚህ በሙስካት ከመኪና የሚገላገለው ሰው ወደ ባሕሩ መጠጋት አለበት። በምሥራቅ በኩል የሙትራህ ኮርኒሽ ከዓሣ ገበያው ተነሥቶ ትልቁ የዕጣን ማጨሻ ሐውልት ወደቆመበት ወደ ሪያም ያመራል። መኪናው በጎኑ ቢያልፍም የእግረኛው መተላለፊያ ሰፊ ነው። ይሁንና በዓርብ ማታ ቤተሰብ ስለሚበዛበት ከብስክሌት ወርዶ እየገፉ መሄድ ጨዋነት ነው፤ ለመንዳት ማለዳ ይሻላል። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ በሻጢ አል ቁረምና በአዘይባ በኩል ረዥም የአሸዋ ዳርቻ ይገኛል። ባሕሩ ሲሸሽ የሚቀረው እርጥብ አሸዋ ጠንካራ ስለሆነ ወፈር ያለ ጎማ ያለው ብስክሌት በደንብ ይሄድበታል። ባሕሩ ሲመለስ ግን መንገዱ ይጠፋልና የመሸሻውን ሰዓት አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ከቤት እንደተመለሱ ሰንሰለቱንና ፍሬኑን በጨው አልባ ውኃ ማጠብ፣ ዘይትም ፍሬኑን ሳይነካ ሰንሰለቱን ብቻ መቀባት አይረሳ፤ የባሕር ጨው አንድ ብስክሌት በአንድ ክረምት ይበላል።

በቁረም ከባሕሩ ዳርቻ ገባ ብሎ የሚታየው አረንጓዴ ቦታ በጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅለው የማንግሮቭ ደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የተከለለ ሲሆን፣ በ2013 በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጋማ ሥፍራዎች መካከል ተመዝግቧል። ጥብቅ ሥፍራ ስለሆነ ከውጭ የሚታይ እንጂ የሚነዳበት አይደለም። በከተማይቱ ውስጥ ደንና ውኃ ጎን ለጎን የሚታይበት ቦታ ቢፈለግ ግን ይኸው ነው። በምዕራብ ጫፍ በሲብ ገበያ አጠገብ ያለው ኮርኒሽም ለብስክሌት ነጂ የሚመች ነው፤ በማለዳ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ሲጎትቱ ማየት ራሱን የቻለ ጉዞ ነው።

ሸለቆው ሌላ ጉዳይ ነው። ዋዲ የሚባለው ደረቅ ሸለቆ መኪና የማያልፍበት፣ ጥላ ያለበትና ጸጥ ያለ ስለሆነ የብስክሌት ሰውን ይጠራል። አደጋውም ከዚያው ነው። በሙስካት ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ርቆ ባለው ተራራ ላይ የጣለ ዝናብ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ በደቂቃዎች ውስጥ ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 የጎኑ አውሎ ነፋስ በኦማን 50 ያህል ሰዎችን የገደለ ሲሆን፣ ቁረምን ጨምሮ ብዙ የከተማው ሥፍራዎች በውኃ ተውጠው ነበር። በኤፕሪል 2024 የወረደው ጎርፍ ደግሞ ተማሪዎችን ጭምር ወስዷል። የዝናብ ማስጠንቀቂያ በተነገረበት ቀን ወደ ዋዲ አለመግባት፣ ውኃ የሚሻገርበትን መንገድም አለመሞከር ነው። አገሬውም ከዚህ የተለየ አያደርግም።

ሙቀቱም የራሱ ሕግ አለው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት የኦማን የሥራ ሕግ ከእኩለ ቀን እስከ ከሰዓት በኋላ፣ ማለትም ከ6፡30 እስከ 9፡30 በእኛ ሰዓት አቆጣጠር፣ በግልጽ ፀሐይ ሥር መሥራትን ይከለክላል። አሠሪን የሚያስገድድ ሙቀት ለብስክሌት ነጂም የሚራራ አይደለም። በባሕር ዳር አየሩ እርጥበት ስለሚበዛበት ላብ አይተንም፤ ላብ ካልተነነ ሰውነት አይበርድም። የራስ ምታት፣ ማጥወልወልና መደናገር ሲሰማ ወርዶ ጥላ መፈለግ እንጂ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ማለት አያዋጣም። ባለሙያዎቹም ከዚህ አላመለጡም፦ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በክረምት የሚካሄደው የኦማን ዙር የብስክሌት ውድድር በ2015 አንድ ቀን በአሸዋ ማዕበልና በከባድ ሙቀት ምክንያት ተሰርዟል። ያውም በየካቲት ነው። ለተራው ሰው የሚመቸው ጊዜ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ነው፤ በሌላው ጊዜ ከንጋት በኋላ ያለችው አንዲት ሰዓት ብቻ ትቀራለች።

ወደ ሥራ የሚነዳው ሰው ግን ወሩንም ሰዓቱንም አይመርጥም። ስለዚህ ለእርሱ የሚበጀው ሌላ ነው። ከአውራ ጎዳናው ጎን ባለው የአገልግሎት መንገድ መሄድ፣ ጎዳናውን ለማቋረጥ ሩቅ ቢሆንም የእግረኛ ድልድይ ወይም የውስጥ ለውስጥ መሻገሪያ መፈለግ፣ ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ መብራት ማብራት፣ በጆሮ ሙዚቃ አለመስማት። ብርሃን የሚያንጸባርቀው የግንባታ ሰደርያ ከሥራ ሲወጡ ከማውለቅ ይልቅ ቤት እስኪደርሱ መልበስ ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ መከላከያ ነው። ሾፌሩ በጨለማ የሚያየው ሰውየውን ሳይሆን ያንን ሰደርያ ነውና። አደጋ ቢደርስ የሮያል ኦማን ፖሊስ የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር 9999 ነው፤ ቋንቋ ቢያስቸግር እንኳ የሠፈሩን ስምና በአቅራቢያ ያለውን የነዳጅ ማደያ ወይም መስጊድ በዐረብኛ መናገር መቻል ይረዳልና ሁለቱን ቃላት አስቀድሞ መማር ይገባል።