የደም ቧንቧና የልብ ቫልቭ መጠጠር በሰሜን ወሎ

የደም ቧንቧና የልብ ቫልቭ መጠጠር ማለት አጥንትና ጥርስ የሚሠሩበት የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን በደም ወሳጅ ቧንቧ ግድግዳ ወይም በልብ በሮች ላይ ተከማችቶ ለስላሳውን አካል ሲያደርቀው ነው። በበለጸጉት አገሮች በአብዛኛው የእርጅና ሕመም ነው። በወልዲያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር ግን፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ገጠር ሁሉ፣ አንድ አጭር መንገድም አለው፤ መነሻውም የልጅ ጉሮሮ ነው።

ማንቆርቆሪያ ሥር የሚቀረውን ነጭ ዝቃጭ ያየ ሰው የደም ሥርም እንዲሁ የሚደፈን ይመስለዋል። ወተት የሚፈራ፣ የጉድጓድ ውሃ የሚጠረጥር የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። ካልሲየሙ ግን እንደ ዝቃጭ በራሱ አይረጋም። የቧንቧው ግድግዳ ሲጎዳና ሲቆጣ ውስጡ ያሉት የጡንቻ ሕዋሳት ጠባያቸውን ለውጠው እንደ አጥንት ሠሪ ሕዋሳት መሥራት ይጀምራሉ። ሰውነት ይህን የሚከላከልባቸው ፕሮቲኖች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ከእነዚህ አንዱ የጎደላቸው አይጦች ደም ወሳጅ ቧንቧቸው ጠጥሮ፣ ተሰንጥቆ፣ በሁለት ወር ውስጥ እንደሚሞቱ አሳይቷል። ይህ ፕሮቲን ሥራውን የሚሠራው በቫይታሚን ኬ አማካይነት ነው፤ ነገሩ ኋላ ላይ ጎመን ጋ ያደርሰናል።

ቧንቧው የሚጠጥረው በሁለት ንብርብር ነው። የውስጠኛው ንብርብር መጠጠር ከስብ ክምችት ጋር የተያያዘ ሲሆን የደም ግፊት፣ ሲጋራ፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ያባብሱታል። የመካከለኛውን መጠጠር ጀርመናዊው ሐኪም ሞንክበርግ በ1903 እ.ኤ.አ. ገልጾታል፤ ይህኛው በስኳር ሕሙማንና ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ይበረታል። የደከመ ኩላሊት ፎስፌትን ማስወጣት ስለሚያቅተው የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ወጣት የሽማግሌ ቧንቧ ሊኖረው ይችላል። የዘመናዊ ኑሮ ጣጣ ብቻ ነው እንዳይባል ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ውጤታቸው የታተመ 137 ጥንታዊ አስከሬኖች በሲቲ ስካን ሲታዩ ከሦስቱ በአንዱ ገደማ የቧንቧ ሕመም ምልክት ተገኝቷል።

ወደ ልጁ ጉሮሮ እንመለስ። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ያቆስላል። ሳይታከም ከቀረ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ የአንዳንዱ ልጅ ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ይወጋል። ከጉልበት ወደ ክርን የሚዞረው ቁርጥማት ይድናል፤ የቫልቩ ጠባሳ ግን ይቀራል። ስሱ ክዳን ይወፍራል፣ ጠርዙ ይጣበቃል፣ በዓመታት ውስጥ ካልሲየም ይሰፍርበታል። ጉሮሮው ያበጠውን ልጅ «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አይነካውም፤ ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ የሚሰጥ ፔኒሲሊን ግን ልቡን ያድናል። አንዴ በዚህ ቁርጥማት የታመመ ልጅ ፔኒሲሊኑን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት መወጋት አለበት። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወልዲያና መርሳ ላይ እንዳደረገው የጤና አገልግሎት ሲቋረጥ መጀመሪያ የሚዘነጋው እንዲህ ያለው መርፌ ነው። የአፍሪካ ኅብረትም ይህን ሩማቲክ የተባለ የልብ ሕመም ለማጥፋት በ2015 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ባወጣው መግለጫ የፔኒሲሊን አቅርቦትን ከቀዳሚዎቹ ተግባራት መድቦታል።

ማይትራል የተባለው ቫልቭ ሲጠብ ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ዳገት ያደክማል፣ ተጋድሞ መተኛት ያፍናል። ብዙ ሴት ሕመሟን የምታውቀው ስታረግዝ ነው፤ የደሟ መጠን በግማሽ ያህል ሲጨምር ጠባቡ በር አያሳልፈውም። የላይኛው የልብ ክፍል ምቱ ሲዛባ ደም ይረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ያመጣል። የአኦርታ ቫልቭ ሲጠጥር ደግሞ ምልክቱ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳትና ትንፋሽ ማጠር ነው፤ እነዚህ ከታዩ በኋላ ቫልቩ ካልተቀየረ የሕመምተኛው ዕድሜ በጥቂት ዓመታት ይቆጠራል። የጠጠረ ቧንቧም የላይኛውን የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ልብን ያደክማል፣ የስኳር ሕመምተኛን እግር ለቁስል ይዳርጋል።

የቫልቭ ሕመም በማዳመጫ ሊጠረጠር ይችላል፤ የሚረጋገጠው ግን በልብ አልትራሳውንድ ነው። የተጣበቀ ማይትራልን ያለ ቀዶ ሕክምና በፊኛ መክፈት ይቻላል፤ ዘዴውን የጀመረው ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ ነው። የመጠጠር መጠን ወሳኝ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ሐኪሞች ቫልቩን ከ16 ነጥብ ይመዝኑታል፤ ከ8 በላይ ሲሆን ፊኛው የሚሰጠው ውጤት ይቀንሳል፣ ክፉኛ ለጠጠረው ደረት ተከፍቶ መቀየር ይቀራል። ለዚህ ሕክምና በአገር ውስጥ ስሙ የሚነሳው በ1989 እ.ኤ.አ. በዶክተር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ መርጃ ማኅበር ያሠራው፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በ2009 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የልብ ሕክምና ማዕከል ነው። ከወልዲያ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ብረት ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይውጣል። ዋርፋሪን የደም መርጋትን የሚከለክለው ቫይታሚን ኬን በማገድ ስለሆነ ቧንቧን ከመጠጠር የሚጠብቀውን ፕሮቲንም አብሮ ያዳክመዋል፤ ቫልቩን የሚያቆየው ክኒን ቧንቧውን ይጎዳል፣ ቢሆንም መተው የባሰ ነው። ጎመን ደግሞ በቫይታሚን ኬ የተሞላ ነው። በዐቢይ ጾም ጎመን ሲያዘወትር የከረመ ሰው በፋሲካ ድንገት ወደ ሥጋ ሲዞር ክኒኑ ይበረታበትና ደም ሊፈሰው ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ጎመን ተው አይልም፤ የሚጠይቀው በሳምንት የሚበላው መጠን እንዳይዋዥቅና የደም ምርመራው ቀን እንዳይታለፍ ነው።